የዶይል ድንጋዮችና የኔልዳ ጎማዎች

ኔልዳ ሃክስቢ በስድሳ ሰባት ዓመቷ ባሏን ቀብራ ስትመለስ የገባችው ጎማ ወዳለው ቤቷ ነው። አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም እዚያው ያለ፣ በፒካፕ የሚጎተት፣ በአራት ጎማ የቆመ ከባድ ቤት። ካንሳስ ውስጥ የነበራቸውን ባለ መሠረት ቤት ከሸጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ እሷና ዶይል የብርዱን ወራት አሪዞና በረሃ ላይ፣ የሙቀቱን ወራት ደግሞ ሞንታና ከአንድ ሐይቅ ዳር እያሳለፉ ኖሩ።

ሐይቁ ዳር ኔልዳ ሥራ ነበራት። ድንኳን ሊተክል የሚመጣውን እንግዳ መመዝገብ፣ ማገዶ መሸጥ፣ ሰክሮ የሚጮኸውን መገሠጽ። በምላሹ ውኃና መብራት ያለው ቦታ በነፃ ይሰጣታል፤ ትንሽ ደመወዝም አለው። ጥር ላይ የዶይል ልብ በድንገት ቀጥ ብላ እዚያው በረሃው ሰፈር ሲሞትባት፣ የሐይቁ ዳር ሰፈር አለቃ ደወለችላት።

«ኔልዳዬ፣ ቦታሽን እስከ ግንቦት መጀመሪያ ማንም አይነካብሽም። ከዚያ ካለፈ ግን ለሌላ መስጠቴ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ችግሩ መንገዱ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ቤቱን የጎተተው ዶይል ነው። እሷ መሪውን የያዘችው ሜዳ ላይ፣ እሱን እንቅልፍ ሲጥለው ብቻ ነበር። ልጇ ዌድ ደግሞ ከተልሳ በየእሑዱ እየደወለ ያንኑ ይደግምላታል፦ «እማ፣ ሽጪውና ነይ። ምድር ቤቱን ቀለም አስቀብቼልሻለሁ።»

ዌድ ክፉ ልጅ አይደለም። የምድር ቤቱ መስኮት ግን ጣሪያው ሥር የተሸጎጠች፣ መጽሐፍ የምታክል ናት፤ በእሷ በኩል የሚታየው የጎረቤት መኪና ጎማ ብቻ ነው። ኔልዳ ያችን መስኮት ባሰበች ቁጥር የራሷን መስኮት ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ስለዚህ ሚያዝያ ገብቶ በረሃው መጋል ሲጀምርና የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ እየነቀለ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ እሷም ሐሙስን ቆረጠች።

ማክሰኞ ጠዋት ነጫጮቹን የጎማ ልብሶች አወለቀች። እዚያ ሰፈር ቤቱን ያቆመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ጎማውን ማልበስ ነው፤ የበረሃ ፀሐይ ላስቲክ ይበላል። ጎማዎቹ ከልብሱ ሲወጡ ጥቁር፣ ጥርሳቸው ጥልቅ፣ አንድ ስንጥቅ እንኳ የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። ያለፈ ያገደመው እየቆመ በጫማው መታ መታ አደረጋቸው። «አዲስ ናቸው እኮ! ዶይል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሰናድቶልሽ ነው የሄደው» አሏት። ኔልዳ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሄደ በኋላም የሚያስብላት ባል ነበራት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሉተር ኦስትቢ ውሻውን ይዞ መጥቶ አበላሸው።

ሉተር የሰሜን ዳኮታ ሰው ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱ። ሠላሳ ዓመት በእህል ጎተራ ሚዛን ላይ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላም መመዘን አልተወም፤ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ይመዝናል። በዚያ ሰፈር አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ወጥቶ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚያ ክብ መሃል ሉተር ተነሥቶ ዶይልን፣ «ቤትህ ወደ ግራ አዘንብሏል። እነዚያ ድንጋዮችህ አንድ ቀን ሚስትህን ይገድሏታል» አለው። ዶይል ድንጋይ ወዳጅ ነበር፤ በረሃውን ሲያስስ ውሎ ያገኘውን እያመጣ ከአልጋው ሥር ባለው ሣጥን ይከታል። «አንተ ስንዴህን መዝን!» ብሎ መለሰለት፤ ሰዉም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ ኔልዳም በባሏ ፈንታ አኮረፈች። በቀብሩ ዕለት ሉተር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከኋላ ቆመና ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

«የጎማዎቹን ዕድሜ አይተሻል?» አላት።

«መጀመሪያ ደህና አደርሽ ይባላል።»

«ደህና አደርሽ። ዕድሜያቸውን አይተሻል?»

«ዶይል ከሁለት ዓመት በፊት ነው የገዛቸው።»

«መቼ ተገዙ አላልኩም። መቼ ተወለዱ ነው ያልኩት።»

ጎማ ሁሉ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለው። ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ይህ አሃዝ ብዙ ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ነው የሚጻፈው፤ በኔልዳ ጎማዎች የውጭ ጎን ላይ አልነበረም። ሉተር ውሻውን ከፒካፑ ጋር አሰረና በሰባ አራት ዓመቱ ኮረቱ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ባትሪ ይዞ ከቤቱ ሥር ገባ። አንዱን አየ። ሁለተኛውን አየ። አራቱንም አየ።

«ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ነው» አለ ከሥር። «ሲገዛቸውም አሮጌ ነበሩ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሞቶም አትተወውም?»

«እኔ የማወራው ስለ ጎማ ነው።»

ኔልዳ ገብታ በሩን ስትዘጋው ስኒዎቹ ተንጫጩ። ሉተር ከሥር ወጥቶ አቧራውን አራግፎ ሲሄድ በመስኮት አየችው፤ ትንሽ ያነክስ ነበር።

ቁጣ ሲበርድ ግን ትዝታ ይመጣል። ያን ቀን ዶይል ጎማዎቹን ያመጣው ከሱቅ አልነበረም። መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ከሚቸረችር ሰው ነበር፤ «አራቱን በሁለት ዋጋ!» እያለ ፊቱ በርቶ ነው የመጣው። እሷም አብራው ደስ ብሏት ጥብስ ሠርታለት ነበር። ተጎታች ቤት ከሚሄድበት ቀን የሚቆምበት ይበዛል። ስለዚህ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ውስጥ ውስጡን በዕድሜ ይሞታል፤ ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሁሉም ደግሞ ይረሳል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው።

ከምሳ በኋላ የዶይልን ባትሪ ይዛ እሷም በጀርባዋ ገባች። አሃዙ አለ። ወዳጅም ጠላትም ሆኖ ሳይሆን እንዲያው እዚያ ተጽፎ አለ። «አይ አንተ ዶይል!» አለችው ጎማውን፤ በጡጫም መታችው፤ የታመመው ግን የእሷ እጅ ነው።

ሉተር ዘንድ ስትሄድ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደጁ ግራና ቀኙ በድንጋይ የተከበበ ነው፤ ውሻውም መሃሉ ቀዳዳ ባለው አረንጓዴ ድንጋይ ላይ ታስሯል። ድንጋዮቹን ያገኛቸው ከመተዊያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ጠረጴዛ ሰፈሩ በር ላይ ቆሟል፤ ሰው ሊጭነው ያልቻለውን እዚያ ይተዋል፣ የፈለገ ያነሣል፣ የማን እንደነበር አይጠየቅም።

«ልክ ነህ» አለችው። እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ለመውጣት ምጥ ነው። «ምን ዓይነት ጎማ ልግዛ?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም? ሁለት ዓመት ሙሉ ያወቅክ ሰውዬ!»

«ሸክሙን ሳያውቅ ጎማ የሚመርጥ፣ እግሩን ሳይለካ ለልጁ ጫማ የሚገዛ አባት ነው። ቆይ።»

ገብቶ አራት ጠፍጣፋ የብረት ሚዛኖች እያንኳኳ አወጣ። የሰፈሩ መሳቂያ የነበሩት ሚዛኖቹ ናቸው፤ ጡረታ ሲወጣ ከጎተራው በስጦታ የተሰጡት። በየጎማው ፊት አንድ አንድ አነጠፈላት።

«በል፣ ንዳውና አውጣው» አለችው ቁልፉን እየዘረጋች።

«አንቺ ነሽ የምትነጂው።»

«እኔ? ስቼ ብደፋውስ?»

«ሐሙስ ለት እኔ አጠገብሽ አልቀመጥም። ግቢ።»

አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ሚዛኑ መሃል መቆም ነበረበት። መጀመሪያ አለፈችው። ሁለተኛም አለፈችው። በሦስተኛው ሳትደርስ ቆመች።

«ቀስ በይ! እንቁላል ላይ የምትወጪ ይምሰልሽ!» ሉተር ይጮኻል።

«ጩኸቱን ተውና እጅህን አሳየኝ! በመስታወት የማየው እጅህን እንጂ ምላስህን አይደለም!»

ሉተር እጁን ዘረጋ። በአራተኛው ገጥ አድርጋ አቆመችው። ከመሪው ላይ እጇን ስታነሣ ላብ ነበር፤ ደስታም ነበር። ያን ቤት ራሷ በፈለገችበት ቦታ ስታቆም በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ሉተር ቁጥሮቹን መዳፉ ላይ ጻፈ። የቀኝ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ፓውንድ ከትንሽ ጭማሪ። የግራው የፊት ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። የግራው የኋላ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥር፤ አንድ ጎማ ብቻውን ከአሥራ ሦስት ኩንታል በላይ ተሸክሟል ማለት ነው።

«ይኼኛው ጎማ የሚችለው ሁለት ሺህ አምስት መቶ አርባ ነው፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል። በዚህ ቸርኬ ላይ ከሚገባው ሁሉ ብርቱ የሆነው ደግሞ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ይችላል።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ በገንዘብ የሚፈታ አይደለም።»

ሉተር ይህን ብሎ ውሻውን ማየት ጀመረ። ድንጋይ የሚለውን ቃል ላለማንሣት አፉን እንደያዘ ኔልዳ አየች።

«ድንጋዮቹ» አለች እሷው።

«እንግዲህ አንቺ አልሽ።»

ረቡዕ ማለዳ የአልጋውን ሣጥን ከፈተች። እያንዳንዱ ድንጋይ በአንድ ካልሲ ተጠቅልሏል። ጥንዱ የጠፋ፣ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ባለ መስመር፣ የዶይል ካልሲ ሁሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካልሲ ይበላል እያለች የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ስትራገም ኖራለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ሳቁም ወዴት እንዳለፈ ሳታውቀው ለቅሶ ሆነ፤ አንዱን ካልሲ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰችበት። ከዚያ ተነሥታ ድንጋዮቹን ማውጣት ጀመረች።

ሉተር የእጅ ጋሪውን እየገፋ አርባ ምናምን ድንጋይ ወደ መተዊያው ጠረጴዛ አመላለሰ። ካልሲዎቹን እሷ አስቀረች። ሰው ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ «ይቺ ለአበባዬ»፣ «ይቺ ለበሬ መደገፊያ» እያለ ወሰደ። አሥር ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ቤቱ ተመልሶ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ነው የወጣው፣ የግራው የኋላ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ሆኖ ተገኘ።

ሐሙስ ጉዞው ቀረና በምትኩ ኤራስሞ መጣ። ኤራስሞ በየሰፈሩ በመኪናው እየዞረ የሚሠራ ጎሚስታ ነው፤ አባቱም ጎሚስታ ነበር። የመኪናውን በር ከፍቶ ሦስት ዓይነት ጎማ አሳያት።

«መጀመሪያ ልጠይቅህ» አለችው ኔልዳ። «መቼ ነው የተወለዱት?»

ኤራስሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሴቱን ሁሉ በስፓኝኛ «ሴኞራ»፣ እመቤት፣ ነው የሚለው። «ሴኞራ፣ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ከዋጋ በፊት ልደት የጠየቀኝ ደንበኛ እርስዎ ብቻ ነዎት። እነዚህ ከሁለት ወር አይበልጣቸውም። ይዩት።» አሃዙን በጣቱ አሳያት፤ እሷም በራሷ ጣት ሄደችበት።

«ሰው የጭነት መኪና ጎማ ግዢ ይለኛል።»

«ጎማው ጨዋ ነው፤ ስሙም ትልቅ ነው። በእርስዎ ቸርኬ ልክ የሚመጣው ግን ለዚህ ሸክም ጉልበት ያንሰዋል። እርስዎ ስንት ይመዝናሉ?»

«እኔን ነው ቤቱን?»

ኤራስሞ ጆሮው ቀላ። «ኧረ ቤቱን፣ ሴኞራ!»

«ከባዱ ጎማ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና» አለች፤ ሉተር ከኋላዋ እንደ አስተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ርካሹ ይችለዋል፤ የሚችለው ግን ጥርሱን ነክሶ ነው። ይኼኛው ሳይጨነቅ ይችለዋል። ግን የአየር ግፊቱ ሰማንያ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ቸርኬው ያን መቻሉን ልይ።» ተንበርክኮ ከቸርኬው ጀርባ የተቀረጸውን አነበበ። «ይችላል። የአየር መግቢያዋን ብቻ ከላስቲክ ወደ ብረት እቀይርልዎታለሁ።»

ዋጋው ሲነገራት ምራቋን ዋጥ አደረገች፤ ግን አላቅማማችም። አራት ለእግር፣ አንድ ለመጠባበቂያ ወሰደች።

ኤራስሞ ክሪኩን አስገብቶ አሮጌዎቹን እየፈታ አወረደ። የግራውን የኋላ ሲያወርድ ቀጥ አለ። «ሴኞራ፣ እጅዎን ያምጡ» አለና መዳፏን ጥርሱ ላይ አስቀመጠው። ከዓይን የተሰወረ እብጠት ከመዳፏ ሥር ነበር፤ ስትጫነው ይሰረጉዳል። የውስጡ ሽቦ ከላስቲኩ ለቋል።

«ምን ያህል ይሄድ ነበር?» አለችው።

«ምናልባት እስከ መጀመሪያው ረጅም ዳገት። ዳገቱ ላይ በሙሉ ፍጥነት ነው የሚፈነዳው።» አማተበ።

ኔልዳ ደረጃዋ ላይ ተቀመጠች። ያ ዳገት የት እንደሆነ ታውቃለች፤ በግራ በኩል ገደል አለው። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ሉተርን ጠራችው።

«ሉተር፣ በሩን ዘግቼብህ አንተ ግን አልዘጋህብኝም። ዛሬ በሕይወት ያለሁት በአንተ ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ሌላ ምን እላለሁ?»

ሉተር መሬቱን አየ። «ያኔ ያልኩት እውነት ነበር፤ አባባሌ ግን ነውር ነበር። በሰው ፊት ክብደቱ ተነግሮበት ያመነ ገበሬ በሠላሳ ዓመት አላየሁም። ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። ዶይልን ወደ ጎን ጠርቼ ብነግረው ኖሮ ይሰማኝ ነበር። ሳይሰማኝ ሞተ። ቀብሩ ላይ መጥቼ ምን ልልሽ እችል ነበር?»

ኔልዳ ክንዱን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

ዓርብ ዌድ ደወለ። «እማ፣ ምን ወሰንሽ?» አላት። «ያችን መስኮት ለድመታችሁ ተውላት፣ ልጄ» አለችው፤ ከዚያ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ልደቱ፣ ስለ ሰማንያው አየር አንድ በአንድ ነገረችው። «ይህን ሁሉ መቼ ተማርሽ?» አለ ዌድ። «ከማክሰኞ ወዲህ» አለችው።

ስልኩን ዘግታ ባዶውን የአልጋ ሣጥን ልትጠርግ ከፈተችው። ድንጋዩ ሲወጣ ክዳኑን ወደ ላይ ገፍታ ስለነበር የክዳኑን ሆድ አላየችውም ነበር። አሁን ባዶው ሣጥን ውስጥ ገብታ ቀና ስትል አየችው። በካላንደር ቅጠል ጀርባ ላይ የዶይል የእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል። የድንጋይ ስም፣ ከስሙ አጠገብ ክብደቱ በፓውንድ። «ቀይ ጅማት ያለው፣ 31።» «ጎመን የሚመስለው፣ 28።» ከላይ ቀን አለው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክቡ ሁሉ የሳቀበት ያ ከሰዓት በኋላ ባለፈ በማግሥቱ ነው።

ከዝርዝሩ ላይ ከባድ ከባዶቹ አሥራ አንዱ ተሰርዘዋል። በእያንዳንዱ ስረዛ አጠገብ «ጠረጴዛ» ይላል፤ ቀኑም አለበት። የመጨረሻው የተሰረዘው ዶይል ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው ነው፦ «አረንጓዴው ባለ ቀዳዳ፣ 40።»

ኔልዳ ወረቀቱን ቀስ ብላ ላጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ፒካፑን አስነሥታ ጠበቀች። በዚያ ሰፈር የሚሄድ ሰው ከጎረቤቶቹ አንዱ ቤቱን ዞሮ መብራቱን፣ ቡሎኑን፣ ማያያዣውን አይቶ የኋላውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ በመዳፉ እስኪመታ ንቅንቅ አይልም። ሉተር መጣ። ሳይጀምር በመስኮት ወረቀቱን ሰጠችው።

መነጽሩን አወጣ። ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ደጁ፣ ወደተደረደሩት ድንጋዮች፣ ውሻው ወደታሰረበት አየ።

«አረንጓዴው» አለ።

«ባለ ቀዳዳው።»

«እኔ እኮ... ከጠረጴዛው ላይ ነው ያነሣሁት። ማን እንዳስቀመጠው...»

«ሰምቶህ ነበር፣ ሉተር። በማግሥቱ ነው የጀመረው። ኩሩ ስለሆነ ለአንተም አልነገረህ፣ ለእኔም አልነገረኝ።»

ሉተር ወረቀቱን አጥፎ ሊመልስላት እጁን ዘረጋ። ኔልዳ አልቀበልም ስትል ራሷን ነቀነቀች። እሱም የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተውና ቤቱን መዞር ጀመረ፤ መብራቱን አየ፣ ቡሎኖቹን ነካ፣ በየጎማው ላይ መዳፉን አሳረፈ። ወደ ኋላ አለፈ።

አንዱን ምት ሰማች።

ሁለተኛው ቆየ። በመስታወቱ ስታይ ሉተር መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አልጠራችውም፤ ሞተሩን እንዳስነሣች ጠበቀችው።

ከዚያ ሁለተኛው ተመታ፤ ኔልዳም ፍሬኑን ለቀቀች።